ጅሬን ከቤተሰብ ጋር፦ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሊጎበኙ ለሚያስቡ ወላጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጆቼን፣ አንዳንዴም የጎረቤት ልጆችን ጭምር ይዤ ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ጅሬን ስመላለስ ከሌሎች ወላጆች የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ሆነው አገኘኋቸው። መልሶቹን እዚህ አሰባስቤአቸዋለሁ። «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

ጅሬን ሙዚየም ነው ወይስ ቤተ መንግሥት?

ሁለቱንም ነው ብዬ እመልሳለሁ፤ ምክንያቱን ግን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። በሌላው ዓለም «ሕያው ሙዚየም» የሚባሉ ቦታዎች አሉ። ከቀደምቶቹ አንዱና ስመ ጥሩ አርቱር ሃዜሊዩስ የተባለ ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1891 ስቶክሆልም ላይ የከፈተው ስካንሰን ነው። ሃዜሊዩስ የፋብሪካ ዘመን የገበሬውን ኑሮ ጠራርጎ ሳያጠፋው ለማዳን ሲል፣ አሮጌ ቤቶችን ከየክፍለ ሀገሩ አስፈርሶ እያስጫነ አንድ ጉብታ ላይ እንደነበሩ አድርጎ መልሶ አስተከላቸው። ዛሬ 150 ያህል ቤቶች አሉ፤ በየቤቱም የዘመኑን ልብስ የለበሱ ሠራተኞች ዳቦ ሲጋግሩ ወይም ብርጭቆ ሲሠሩ ጎብኚው ያያል።

ጅሬን ከዚህ የሚለየው ከሌላ ስፍራ ተነቅሎ የመጣ ነገር የሌለው በመሆኑ ነው። ቤተ መንግሥቱ ባለቤቱ በሠሩበት ኮረብታ ላይ ቆሟል፤ አጠገቡ ያለው መስጊድ ዛሬም ይሰገድበታል፤ በዙሪያው ያሉት ገበሬዎች ቡናና እንሰት የሚተክሉት ለጎብኚ ለማሳየት ሳይሆን ለኑሯቸው ነው። የዘመኑን ልብስ ለብሶ የሚጠብቅዎ ሰው አያገኙም። ስለዚህ የቀኑን ሥርዓት የሚያወጣው ወላጁ ራሱ ነው፤ ቤተ መንግሥቱን ከእንጨት ጠራቢው፣ ከገበያውና ከቡናው ጋር አያይዞ ልጆቹን ካላዟዟረ በቀር፣ ልጆቹ አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት አይተው ከመመለስ አያልፉም። እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ የሠራሁት ስሕተት ይኸው ነበር፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ክፍሎቹን ሁሉ አሳይቼ ጨረስኩና፣ ልጄ ማታ አያቷ «ምን አየሽ?» ብለው ሲጠይቋት «ባዶ ክፍል» ብላ መለሰችላቸው። ከዚያ ወዲህ የማደርገውን ነው ከዚህ በታች የምነግራችሁ።

አባ ጅፋር ማን እንደነበሩ ለልጅ እንዴት ይነገራል?

የጅማ ልጅ ስሙን አስቀድሞ የሚያውቀው ከኳስ ነው፤ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫን ያነሣው ክለብ ነውና። ከዚያ መነሣት ጥሩ ነው። ቀጥሎ ልጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁት «አባ» ለምን እንደተባሉ ነው። በኦሮሞ ባህል መኳንንትና ጀግኖች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ «አባ ጅፋር» ማለት የጅፋር የተባለው ፈረስ ጌታ ማለት ነው። ይህን ሲሰሙ እያንዳንዳቸው ለራሳቸው የፈረስ ስም ያወጣሉ፤ ቀኑን ሙሉ በዚያው ስም እየተጠራሩ ሲውሉም አይቻለሁ።

ከዚያ ወደ ታሪኩ ይገባል። በጊቤ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፦ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ። በጅሬን ቤተ መንግሥታቸው የምንጎበኛቸው ዳግማዊ አባ ጅፋር የንጉሥ አባ ጎሞል ልጅ ሲሆኑ፣ ገና በወጣትነታቸው ነግሠው እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ድረስ ቆይተዋል። ይህ 54 ዓመት ነው፤ ለልጅ «አያትሽ ከተወለዱበት ጊዜ እስከ ዛሬ ድረስ እንደማለት ነው» ብሎ ማስረዳት ይቻላል። ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ እንደነበር ይነገራል፤ ቁመት ደግሞ ልጆች የማይረሱት ነገር ነው።

ትልልቆቹ ልጆች ሊሰሙት የሚገባው ግን ጥበባቸውን ይመስለኛል። ምኒልክ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲዘምቱ አባ ጅፋር ጦር ከመግጠም ይልቅ መገበርን መረጡ፤ በዚህም የተነሣ ጅማ ከጦርነት ጥፋት ድና በራሷ ንጉሥ፣ በራሷ ዳኝነትና በራሷ ገበያ ለረጅም ዓመታት ቆየች። በዚህ ውሳኔ ውስጥ የእናታቸው የጉሚቲ ምክር እንዳለበት የአካባቢው ሰው ይተርካል። ልጅን በዚህ ቦታ ላይ «አንተ ብትሆን ኖሮ ትዋጋ ነበር ወይስ ትገብር?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም መልሱን ሳያርሙ ማዳመጥ ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

በከተማው ሙዚየም ልጀምር ወይስ በቀጥታ ወደ ጅሬን ልውጣ?

በሙዚየሙ ይጀምሩ። በጅማ ሙዚየም የንጉሡ ወንበርና የቤተ መንግሥቱ መገልገያ ዕቃዎች፣ እንዲሁም የአካባቢው ሕዝብ የእጅ ሥራዎች ተቀምጠዋል። ልጁ ዕቃዎቹን አስቀድሞ ካየ፣ ጅሬን ሲደርስ ባዶውን ክፍል በሐሳቡ ይሞላዋል፤ «ያ ወንበር የት ነበር የሚቀመጠው?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል። ቅደም ተከተሉን የገለበጡ ቤተሰቦች ልጆቹ በሙዚየሙ ሲሰላቹባቸው አይቻለሁ፤ ኮረብታ ላይ ከሮጡ በኋላ ዕቃ በመስታወት ውስጥ ማየት ማንንም ልጅ አያስደስትምና።

በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ምን ላይ ጊዜ ልስጥ?

በእንጨቱ ላይ። ዋናው ሕንፃ ምድርና ፎቅ ያለው፣ በረንዳው በእንጨት የተሠራ ሲሆን፣ የአገሩ ባለሙያ እጅ ከውጭ ከመጣ ስልት ጋር ተዋሕዶ ይታይበታል። ክፍሉን ሁሉ ለማዳረስ አይቸኩሉ። ልጆቹን በረንዳው ላይ ያቁሙና ቁልቁል ጅማን ያሳዩአቸው፤ የንጉሡ መቀመጫ ከላይ፣ ገበያው ከታች ለምን እንደሆነ ያኔ ያለ ማብራሪያ ይገባቸዋል። መንገደኛ ነጋዴ ሲመጣ ከዚህ ይታያል፤ ግብሩም ወደዚህ ይወጣል።

የመንግሥቱ ዳርቻ በቦይ የታጠረ ነበር፤ መግቢያና መውጫውም ኬላ ባለበት በር ብቻ ነበር። ከዳርቻው ባሻገር ደግሞ «ሞጋ» የሚባል ሰው የማይሰፍርበት ምድር ይገኝ ነበር። አውራጃዎቹን የሚያስተዳድሩት ሹማምንት «አባ ቆሮ» ይባሉ ነበር። ትናንሽ ልጆች ይህን በጨዋታ ይረዱታል፦ አንዱ ኬላ ጠባቂ፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ አባ ቆሮ ሆኖ በግቢው ሣር ላይ ይጫወታሉ። የእኛዎቹ ልጆች ኬላ ጠባቂው ቀረጥ አበዛ ብለው ተጣልተው ያውቃሉ፤ እኔም ነጋዴ ለምን በሌላ መንገድ ለመዞር እንደሚፈልግ ለማስረዳት ከዚያ የተሻለ ጊዜ አላገኘሁም።

የድሮውን ሥራ በዓይን ማየት ይቻላል ወይ?

ይቻላል፤ የቀኑ ዋና ነገርም ይኸው ነው። ቤተ መንግሥትን ቤተ መንግሥት ያደረገው የሚጠርበው፣ የሚቆላው፣ ማር የሚቆርጠው፣ ከብት የሚጠብቀው ሰው እጅ ነው። ይህ እጅ በጅማ ዛሬም አልታጠፈም።

መጀመሪያ የእንጨት ጠራቢዎቹን እንይ። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው፤ እንዴት እንደሚሠራ ያየ ግን ጥቂት ነው። አንድ ጊዜ የስምንት ዓመት ወንድ ልጄ ጠራቢው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ለረጅም ጊዜ ከተመለከተ በኋላ «አባባ፣ ሙጫው የታለ?» ብሎ ጠየቃቸው። ሰውየው ሥራቸውን አቁመው በርጩማውን ገለበጡለትና ጣቱን ይዘው ከመቀመጫው ሥር ወደ እግሩ አስኬዱለት፤ መጋጠሚያ አልነበረም። መቀመጫውም ሦስቱም እግሮች ከአንድ የዋንዛ ግንድ የወጡ ናቸው፤ የሚጨመር ነገር የለም፣ በመጥረቢያና በመሮ እየተነሣ የሚሄድ ብቻ ነው። «እንግዲህ አንዱን እግር ብትሰብረው ሌላ አይቀጠልለትም፤ ለዚህ ነው ቀስ የምለው» አሉት። ልጄ እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ይህን ነው። እግሩ አራት ያልሆነበትን ምክንያትም እዚያው ማሳየት ይቻላል፤ ሦስት እግር ያለው ነገር ባልተስተካከለ የአፈር ወለል ላይ ቢቀመጥ አይንገዳገድም፣ አራት እግር ያለው ግን አንዱ እግሩ ብዙ ጊዜ አየር ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የማያውቅ ልጅ የለም፤ ስለዚህ የተለመደውን የቡና ሥነ ሥርዓት ለማየት ብቻ ጅሬን መውጣት አያስፈልግም። በዚህ አገር ሊፈለግ የሚገባው «ቡና ቀላ» ነው። የደረቀው ቡና ሳይፈለፈል፣ ጫፉ ብቻ እየተነከሰ ወይም እየተቆረጠ፣ ከነሽፋኑ በቅቤ ይጠበሳል፤ ከዚያም አይጠጣም፣ ይበላል። «ቀሉ» በኦሮምኛ ማረድ ማለት ነው፤ ቡናው እንደሚታረድ ነገር ተቆጥሮ በምርቃት ይቀርባል። ቅቤው ሲግል ፍሬው ጣ ጣ እያለ ይፈነዳል፣ ሽታው ከተቆላ ቡና ይልቅ ወደ ተነጠረ ቅቤ ያደላል፣ ልጆችም ድምፁን ሰምተው ከያሉበት ይሰበሰባሉ። በጅሬንና በአካባቢው ይህን የሚያውቁ እናቶች አሉ፤ በአክብሮት ከተጠየቁና ለድካማቸው የሚገባው ከተሰጣቸው በደስታ ያሳያሉ። ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት መናገር ግን ግድ ነው፤ ድንገት ደርሶ «አሳዩን» ማለት የሰውን ቤት እንደ ትርኢት መቁጠር ይሆናል።

ማርም አለ። በትልልቅ ዛፎች ላይ የተሰቀሉትን ረጃጅም የባህል ቀፎዎች በመንገድ ዳር ያሳዩአቸው።

ወደ ሂርማታ ገበያ ልጆችን ይዞ መሄድ ይመከራል?

በጣም ይመከራል፣ በተለይ ሐሙስ። ሂርማታ በአባ ጅፋር ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ገበያ ነበር፤ ዛሬ ያለችው ጅማ ያደገችውም በዚህ ገበያ ዙሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካሉት ገበያዎች ሁሉ ትልቁ መሆኑንና በደህና የበጋ ቀን እስከ 30,000 ሰው እንደሚመጣበት ጽፈዋል።

ሐሙስ የትምህርት ቀን በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ ይቸገራል፤ ቅዳሜ የሚመጡ ገበያውን ይበልጥ ጸጥ ብሎ ያገኙታል። ለእያንዳንዱ ልጅ ትንሽ ገንዘብና አንድ የቤት ሥራ ይስጡት፤ አንዱ በርበሬ፣ አንዱ ኮረሪማ፣ አንዱ ቡና ገዝቶ ይምጣ፣ ከሻጯም ጋር ዕቃው ከየት እንደመጣ ተነጋግሮ ይመለስ። «አካም» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ «ገለቶማ» ብሎ አመስግኖ መለየትን አስቀድመው ያስተምሯቸው። ትናንሾቹን ግን እጃቸውን ይያዙ፤ የተጨናነቀው መተላለፊያ ውስጥ ልጅ በቅጽበት ይጠፋል።

ስለ ባሪያ ንግድ ለልጆች መንገር ይገባል?

ይህን ጥያቄ ወላጆች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁኝ። እኔ ይገባል እላለሁ። ከቡናው፣ ከማሩና ከዝባዱ ጎን ሰውም በሂርማታ ይሸጥ ነበር፤ ከጊቤና ከዚያ ወዲያ ካሉ አገሮች የተማረኩ ሰዎች፣ ብዙዎቹም ልጆች፣ በዚህ መንገድ ወደ ሰሜንና ወደ ባሕር ጠረፍ ተነድተዋል። በቤተ መንግሥትም በመኳንንቱም ቤት የሚያገለግሉ ባሮች ነበሩ። የንጉሡን ጥበብ አድንቆ ይህን መዝለል ታሪኩን ግማሽ ያደርገዋል፤ የተሸጡትንም ለሁለተኛ ጊዜ መርሳት ይሆናል።

ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ «እዚህ ቤት የሠሩት ሁሉ በፈቃዳቸው አልመጡም» ማለት ይበቃል። ከዚያ በላይ ላሉት ገበያው ምን እንደነበረ በግልጽ ይነገራቸው፤ ባርነት በአገራችን በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ እንደተሻረም ይጨመርላቸው። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በአካባቢው የማንም ሰው ዘር ከባሪያ ወይም ከባሪያ ነጋዴ ጋር ተያይዞ እንዳይነሣ ልጆቹን አስቀድመው ያስጠንቅቁ። ቁስሉ ያልደረቀባቸው ቤቶች አሉ።

ለየትኛው ዕድሜ ይስማማል?

ከስድስት ዓመት በላይ ያለ ልጅ ከሁሉም ነገር ተጠቃሚ ነው። ከዚያ በታች ያሉት ገበያውንና ግቢውን ይወዳሉ፤ በፎቁ ደረጃና በረንዳ ላይ ግን ከአዋቂ እጅ መለየት የለባቸውም። አያቶችን ይዞ መሄድ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ትልቅ በረከት ነው። እኔ እናቴን ይዤ በወጣሁበት ቀን አስጎብኚ አላስፈለገንም፤ እያንዳንዱ ዕቃ «ይህ እኮ በእናቴ ቤት ነበር» እያሰኛት ልጆቹ ከእሷ አልተለዩም። ለእርጅና ግን መውጣቱና ደረጃው ያደክማልና፣ የራሷን በርጩማ ይዘንላት ጥላ ሥር እንድታርፍ አድርገናል።

መንገዱና ወቅቱስ?

ጅሬን ከመሀል ከተማ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ተኮናትሮ መውጣት ይቻላል፤ የመመለሻውንም ዋጋ አብረው ይነጋገሩ። ጅማ ዝናበኛ አገር ናት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ጭቃውን ያከብደዋል። ምርጡ ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቡናውም ስለሚለቀም በየደጁ ተሰጥቶ ያዩታል። በየካቲትና በመጋቢት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ካለ በኋላ፣ የቡናው ነጭ አበባ ድንገት ይፈነዳል፤ በዚያ ሳምንት የደረሰ ሰው ዕድለኛ ነው።

ከአዲስ አበባ ለምንመጣ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል?

በመኪና አይሞክሩት። መንገዱ በሰበታ፣ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ የጊቤን ሸለቆ አቋርጦ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሸለቆው ጥምዝምዝ ደግሞ ብዙ ልጆችን ያስመልሳቸዋል። ረቡዕ ገብቶ አድሮ፣ ሐሙስ ጠዋት ሙዚየሙንና ገበያውን፣ ዓርብ በማለዳ ጅሬንን ማየት የተሻለ ነው። በአውሮፕላን የሚመጣ በአባ ሰጉድ አውሮፕላን ማረፊያ ያርፋል።

መስጊዱን መጎብኘት ይፈቀዳል? ፎቶ ማንሣትስ?

መስጊዱ የጸሎት ቤት ስለሆነ የሚጎበኘው በቦታው ያሉትን ሰዎች በማስፈቀድ፣ ጫማ በማውለቅና ከስግደት ሰዓት ውጭ ነው፤ ሴቶች ሻሽ ወይም ነጠላ ይያዙ፤ ዓርብ ቀትርን ይተዉት። ፎቶን በተመለከተ በግቢው ውስጥ አስጎብኚውን፣ በገበያ ደግሞ ሰውየውን ራሱን ይጠይቁ። ልጆች ካሜራ አውጥተው ከመደገናቸው በፊት «ላንሣዎ?» ማለትን መልመድ አለባቸው።

ምን ይበላል?

ምሳ ከቤት ይዞ መውጣት ቀላሉ ነው፤ ጨጨብሳና ዳቦ ለመንገድ ይመቻሉ። ከተማ ወርደው የሚበሉ ከሆነ ከማሩ የሚሠራውን ብርዝ ሳይጠጡ እንዳይመለሱ፤ ያልተብላላ በመሆኑ ለልጅም ይሆናል። ፌስታልና ፕላስቲክ ጠርሙስ ግቢው ውስጥ አይጣልም፤ የያዙትን ይዘው ይውረዱ።

ለማስታወሻ ምን ልግዛ?

አዲስ የተጠረበ በርጩማ፣ ከተቻለ ሲሠራ ካዩት ሰው እጅ። ለልጅ የሚሆን ትንሹም ይሠራል፤ ቀደም ብሎ ካዘዙት ይዘጋጅልዎታል። ሲገዙ ገልብጠው እግሩና መቀመጫው የሚገናኙበትን ይዩ፤ ስንጥቅ ወይም በሰም የተሞላ ቀዳዳ ካለ እንጨቱ ሳይደርቅ ተጠርቧል ማለት ነው፣ ቤት ከገባ በኋላም ስንጥቁ ይሰፋል። «የቤተ መንግሥት ዕቃ ነው» ተብሎ በስውር የሚቀርብልዎን አሮጌ ዕቃ ግን አይግዙ። እውነት ከሆነ ቅርስ ነው፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። እኛ ቤት ያለው በርጩማ የዚያ ሙጫውን የጠየቀው ልጄ ነው፤ ከሥሩ በእርሳስ የራሱን የፈረስ ስም ጽፎበታል፣ እንግዳ ሲመጣም ገልብጦ ያሳያል።